ኮድ ማን ያነባል? ከክኑት «ሊተሬት ፕሮግራሚንግ» ተነስተን እንወያይ

ብራና_ኮድ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ላነሳ ነው፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ፕሮግራሚንግ ስንማር ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የሚነገረን «ጻፉ» ነው። ሄሎ ወርልድ ጻፉ፣ ሉፕ ጻፉ፣ ካልኩሌተር ጻፉ። «ይህን የሌላ ሰው ፕሮግራም አንብቡና ሰውዬው ምን አስቦ እንደሆነ ንገሩኝ» የሚል አስተማሪ ብርቅ ነው። ሥራ ስንገባ ነገሩ ይገለበጣል። ሌላ ሰው በጻፈው ኮድ ላይ አፍጥጠን እንውላለን። የጻፈው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለቆ ሄዷል።

ዶናልድ ክኑት ይህን ከሥሩ ሊያስተካክል ሞክሮ ነበር። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ማለቴ ነው፤ ቴኽ የሚባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ የሠራው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በላቴኽ ያዘጋጃችሁ ሁሉ የሱ ዕዳ አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 «ሊተሬት ፕሮግራሚንግ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ፕሮግራም ስትጽፍ ኮምፒውተሩን እያዘዝክ እንደሆነ አታስብ። ኮምፒውተሩ ምን እንዲሠራልህ እንደፈለግክ ለሰው እያስረዳህ እንደሆነ አስብ።

ለዚህም «ዌብ» የሚባል መሣሪያ ሠራ። ከኢንተርኔቱ ዌብ ጋር አይገናኝም፤ ያኔ እሱ ገና አልነበረም። የምትጽፈው አንድ ፋይል ነው፤ ማብራሪያውና ኮዱ እዚያው አብረው ይቀመጣሉ። «ታንግል» የሚባለው ፕሮግራም ኮዱን ብቻ ለቅሞ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) በሚፈልገው ተራ ይደረድረዋል። «ዊቭ» የሚባለው ደግሞ ከዚያው ፋይል ማውጫና ማጣቀሻ ያለው፣ ለሰው የሚነበብ ሰነድ ያወጣል።

ዋናው ነገር ተራው ነው። ኮዱን ቆራርጠህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ በሰው ቋንቋ ስም ታወጣለታለህ። ከዚያ አንባቢው ሊረዳው በሚችልበት ቅደም ተከተል ታቀርበዋለህ። ከባዱን ሐሳብ ማስቀደም ትችላለህ፤ የፋይል መክፈቻና መዝጊያውን አሰልቺ ነገር ወደ ኋላ ትገፋዋለህ። ኮምፓይለሩ ምን ይላል ብለህ አትጨነቅም፤ እሱን ታንግል ይይዘዋል።

ወሬ ብቻ ደግሞ አልነበረም። ቴኽ ራሱ በዚህ መንገድ ተጽፎ ሙሉ ኮዱ በ1986 መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ስህተት ላገኘ አንባቢ ክኑት ቼክ ፈርሞ ይልክ ነበር። ብዙዎቹ ቼኩን ባንክ አልወሰዱትም፤ ፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

አሁን ጥያቄዬ፦ እናንተ ኮድ ታነባላችሁ? ባግ ለማስተካከል ማለቴ አይደለም፤ ለመማር ብላችሁ? ይሄ የክኑት መንገድስ ዛሬ ለሥራ ይሆናል ወይስ ለፕሮፌሰሮች ብቻ ነው?

ሴሚኮለን

ሐሳቡ ያምራል። ግን የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ዘለልከው።

በ1986 ጆን ቤንትሊ የኤሲኤም (የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር) መጽሔት ላይ አምድ ነበረው። ክኑትን የቤት ሥራ ሰጠው፦ አንድ ጽሑፍ ተቀብሎ በብዛት የተደጋገሙትን ቃላት ከነብዛታቸው የሚያወጣ ፕሮግራም በዌብ ጻፍልኝ አለው። ክኑትም ጻፈ። ገጾች ወሰደ፣ ለዚሁ ብሎ የቀመመው የዳታ ስትራክቸር አለው፣ ሲነበብ ይጥማል። ሂስ እንዲጽፍበት የተጠየቀው ደግሞ የቤል ላብሱ ዳግ ማክልሮይ ነበር፤ የዩኒክስ ፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ የሚያቀብለው ዘዴ) የሱ ሐሳብ ነው።

ማክልሮይ አደነቀ፣ አደነቀና የራሱን መልስ አስቀመጠ። በፓይፕ የተቀጣጠሉ ስድስት ትእዛዞች። ፊደል ያልሆነውን ሁሉ ወደ አዲስ መስመር ቀይር። ትልልቁን ፊደል ትንሽ አድርግ። ደርድር። ተመሳሳዩን ሰብስበህ ቁጠር። በብዛቱ መልሰህ ደርድር። ከላይ የተፈለገውን ያህል አሳይና አቁም። አለቀ!

ስለዚህ እኔን የምታሳምነኝ ማብራሪያውን በማሳመር አይደለም። ኮዱን አሳጥርልኝ፤ ማብራሪያ ራሱ አያስፈልገኝም።

ብራና_ኮድ

ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን ሁሌም ግማሹ ነው የሚወራው። ማክልሮይ የጻፈበትን ሥርዓት እቀበላለሁ፣ ውጤቱን ግን አልቀበልም ነው ያለው። ክኑት ተዘጋጅተው የተቀመጡ መሣሪያዎችን ትቶ ሁሉንም ከዜሮ መገንባቱን ነው የነቀፈው። ቤንትሊ የጠየቀው ግን ዌብን በሥራ ላይ እንዲያሳይለት ነበር።

ደግሞ ያቺን ስድስት ትእዛዝ የአማርኛ ጽሑፍ አጉርሳት እስኪ። የመጀመሪያዋ ትእዛዝ «ፊደል» የምትለው ከኤ እስከ ዜድ ያለውን ነው። ስለዚህ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሁሉ ጠርጋ ባዶ መስመር ታደርግልሃለች። አንድ ቃል አይተርፍም። ሁለተኛዋ ትእዛዝ ደግሞ ለኛ ሥራ የላትም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ያቺን ስድስት ትእዛዝ በአማርኛ እንድትሠራ ብታስተካክላት እንኳ «ፀሐይ»ን፣ «ጸሐይ»ን እና «ፀሀይ»ን ሦስት የተለያዩ ቃላት ብላ ትቆጥራለች። አንድ ይሁኑ ካልክ ሐን፣ ኀን፣ ሀን አንድ የሚያደርግ ደረጃ ትጨምራለህ። ያኔ ለምን እንደጨመርከው ካልጻፍክ አማርኛ የማያውቅ ባልደረባህ አይቶ «ይሄ ምን ይሠራል?» ብሎ ያጠፋዋል።

አጭር ኮድ ማብራሪያ አያስፈልገውም የሚለውን እዚህ ላይ አልቀበልህም።

የድሮ_ፓስካል

ልጆች፣ ደህና ክር ከፍታችኋል። እኔ ፓስካል ከተማሩት ወገን ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር።

ክኑት ዌብን የሠራው በፓስካል ላይ ነው። ፓስካል ደግሞ ተራ የሚያስጠብቅ ቋንቋ ነበር። መጀመሪያ ቋሚ ቁጥሮች፣ ቀጥሎ ዓይነቶች፣ ከዚያ ተለዋዋጮች፣ ከዚያ ፕሮሲጀሮች፤ ዋናው ፕሮግራም ከሁሉም በታች። አንባቢ ማወቅ የሚፈልገው ዋናውን ነው፤ ቋንቋው የሚያሳየው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ታንግል ያስፈለገው ከዚህ እስር ለመውጣት ጭምር ነው። በኋላ የመጡት ቋንቋዎች ብዙዎቹ ፈንክሽን የትም ቦታ እንድታስቀምጡ ስለሚፈቅዱ ችግሩ ቀልሏል። ክኑት ራሱ በኋላ ከሲልቪዮ ሌቪ ጋር ሆኖ ለሲ ቋንቋ የሚሆነውን «ሲዌብ» አውጥቷል፤ እሱን ነው የሚጠቀመው።

ኮድን ለመማር ስለማንበብ ግን ከክኑት በፊትም ሰው ነበረ። ጆን ላየንስ ይባላል፤ በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የዩኒክስን ስድስተኛ እትም ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ለተማሪዎቹ አሳተመ። ከ10,000 መስመር ያነሰ ነው። በአንድ ጥራዝ ኮዱን ብቻ፣ መስመሩ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት። በሌላው ጥራዝ ማብራሪያውን፣ በመስመር ቁጥር እየጠቀሰ። የአንድምታ መጻሕፍትን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ ንባቡ አለ፣ ትርጓሜው ይከተላል፤ ሊቁ ያልገባውን ስፍራ ዘሎ አያልፍም።

ከዚያ የሰባተኛው እትም ፈቃድ ወጣ፤ ኮዱን በክፍል ውስጥ ማስተማር ተከለከለ። መጽሐፉ ግን አልጠፋም። ሰው ከሰው እየተቀባበለ በፎቶ ኮፒ አባዛው፤ የኮፒ ኮፒ እየሆነ ፊደሉ እስኪደበዝዝ ድረስ። በይፋ የታተመው በ1996 ነው። ሰው ሁለት አስርት ዓመት ያህል ኮድ ለማንበብ ሲል በድብቅ ወረቀት ሲያባዛ እንደነበር ሳስብ፣ «ኮድ ማንም አያነብም» የሚለው ወሬ አይዋጥልኝም።

ሴሚኮለን

ጋሼ፣ የላየንስን ታሪክ አላውቅም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ልሟገትዎት። የአንድምታው ንባብ አይለወጥም። ዳዊት ዛሬም ያው ዳዊት ነው። የኛ ኮድ ሰኞ ይጻፋል፣ ረቡዕ ይለወጣል፣ ዓርብ ይጠፋል። ማብራሪያውን ማን እየተከተለ ያድሳል? የላየንስ ማብራሪያ የቆየው የስድስተኛው እትም ኮድ ባለበት ስለቆመ ነው።

የድሮ_ፓስካል

ይህ ትክክለኛ ሙግት ነው። መልስ የለኝም። ቴኽም የቀናው ክኑት አዲስ ነገር መጨመር ስላቆመ ሳይሆን አይቀርም፤ ስህተት ያርማል እንጂ አይጨምርበትም። የእትሙ ቁጥር ራሱ በየእርማቱ ወደ ፓይ እየተጠጋ ነው የሚሄደው።

ባክኤንድ_እቱ

እኔ ሲያትል ነው የምሠራው። ከምጽፈው በላይ የሌሎችን ኮድ ሪቪው አደርጋለሁ፤ እና ሁላችሁም «ማንበብ» የምትሉት ነገር እኔ ከማደርገው ጋር አልገጠመልኝም።

ፒተር ሳይብል የሚባል ሰው አለ፤ ከታወቁ ፕሮግራመሮች ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ በ2009 በመጽሐፍ ያወጣ። ክኑትም አለበት። ብዙዎቹን «ኮድ ታነባላችሁ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ጠቃሚነቱን ያመሰግናሉ፣ አዘውትሮ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ክኑት ከጥቂቶቹ አንዱ። በኋላ በ2014 ሳይብል ኮድ ሥነ ጽሑፍ አይደለም ብሎ ጻፈ። ኮድ አይነበብም፣ ይመረመራል ነው ነገሩ። የንባብ ቡድን ከማቋቋም ይልቅ አንዱ ሰው ቀድሞ ይፈታታውና ያገኘውን ለሌሎቹ ያሳይ ይላል።

እኔም እንደዚያ ነኝ። ልብ ወለድ እንደማነብ ከላይ እስከታች ኮድ አንብቤ አላውቅም። ጥያቄ ይዤ ነው የምገባው። «ይህ ክፍያ ለምን ሁለት ጊዜ ይሞከራል?» ከዚያ አንድ መንገድ ይዤ እከተላለሁ፤ ሌላውን አላየውም። የኮሚት ታሪኩን እመለከታለሁ፤ ማን መቼ ለምን ለወጠው። ብዙ ጊዜ ኮዱ ውስጥ የሌለው «ለምን» እዚያ ነው ተቀብሮ የማገኘው፤ ሰውዬው «ፊክስ» ብሎ ብቻ ካላለፈው ማለቴ ነው። 😒

ጳጉሜ_6

ስሜን አይታችሁ ምን ልጽፍ እንደሆነ ገምታችኋል። አዎ፣ የቀን መቁጠሪያ ነው። በዚህ ሙግት ላይ ከሱ የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም።

በአገራችን ሲስተሞች ውስጥ ተደጋግማ የምትገኝ አንዲት መስመር አለች። በአማርኛ ስትገለበጥ «ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜ 6 ቀን ናት፤ ካልሆነ 5» ትላለች። ማብራሪያ የላትም። ለምን 3? የፈረንጅ አቆጣጠር የለመደ ሰው ቀሪው 0 መሆን ነበረበት ብሎ «ያርማታል»። ማወቅ የነበረበት ይሄ ነው፦ ዘመናቱ በወንጌላውያኑ ይጠራሉ። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። ስድስተኛዋ ጳጉሜ የምትመጣው በሉቃስ ማብቂያ ነው። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሉቃስ ነበር። ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ዋለ።

ቀጥሎ ሌላዋ መስመር፦ «መስከረም 1 = ሴፕቴምበር 11፣ ከሉቃስ ማግስት 12»። ለዛሬ ልክ ናት። ፈተናው ታሪክ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888ን ስጧት፤ አድዋ። ማርች 2 ቀን 1896 ብላ ትመልሳለች። ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ነው። አንድ ቀን ተሳሳተች። ምክንያቱ፦ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር 1900 ለ4 ቢካፈልም ሠግር ዓመት አልነበረም፤ በኛ ግን አራት ዓመቱ መቼም አይዘለልም። ስለዚህ ከ1900 በፊት ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንሳል። ዛሬ በዓሉን ማርች 2 እናከብራለን፣ መጻሕፍት ማርች 1 ይላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። በፈረንጆቹ 2100ም ይሄው ይደገማል፤ ያን ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፣ የሉቃስ ማግስት ሳይሆን። የቤተ መዛግብት ሲስተም የምትሠሩ ሰዎች በዚህ ተጠንቀቁ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ገና ነው። የፈቃድና የደመወዝ ሲስተም በዓላትን ማወቅ አለበት። በክኑት መንገድ ብጽፈው እንዲህ ይመስላል፦

ገና በሦስቱ ዘመናት ታኅሣሥ 29 ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ነው። ከዮሐንስ በፊት ያለፈችው የሉቃስ ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች ዓመቱ አንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል፤ በዓሉ አንድ ቀን ቀድሞ ሲውል ልዩነቱ ይስተካከላል። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ የገና በዓል ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ነው። ይህች 28 የመተየብ ስህተት አይደለችም፤ አትንኳት።

«የገናን ቀን ወስን» ≡
   ቀሪ ← ዓመት ለ4 ሲካፈል የሚተርፈው
   ቀሪ 0 ከሆነ ፦ ታኅሣሥ 28
   ካልሆነ ፦ ታኅሣሥ 29

አሁን ማብራሪያውን አውጡና ኮዱን ብቻ ለአዲስ ጁኒየር ስጡት። ሦስት መስመር ነው፤ አጭር ነው፤ ሴሚኮለን የሚወደው ዓይነት። ያነበዋል፣ ይገባዋል፣ ምን እንደሚሠራም ይነግራችኋል። ለምን እንደሆነ ግን ከኮዱ በፍጹም አያገኘውም። ሃይማኖቱ ወይም አስተዳደጉ ካላሳወቀው ስህተት ነው የሚመስለው።

ሻይ_በሎሚ

እኔ ኦርቶዶክስ ሆኜም የ28ቷን ምክንያት አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ ነው የምጾመውና የምፈታው 😂

ሴሚኮለን

እሺ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን እዚህ ላይ ታንግል ምን ሠራ? ከፈንክሽኑ በላይ አራት መስመር ኮሜንት ብትጽፍ ያው አይደለም? ከዚያ ቴስት (ውጤቱን የሚፈትሽ ኮድ) ትጨምራለህ፦ የ2016 ገና 28 ነው፣ አድዋ ማርች 1 ነው። ኮሜንት ያረጃል፣ ይዋሻልም። ቴስት ከዋሸ ቀይ ያበራል።

ጳጉሜ_6

ቴስቱን እቀበላለሁ፤ ሁለቱንም ጻፍ። ግን ቴስት «28 መሆን አለበት» ይልሃል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግርህም። ቴስቱም ስህተት መስሎት የሚያስተካክል ሰው አለ። ያጋጥማል።

በታንግል ነገር ግን ተሸንፌልሃለሁ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ኮሜንት ይበቃል። የክኑት መሣሪያ ዋጋ የሚያወጣው ሐሳቡ ረጅም ሲሆን፣ አንዱ ምክንያት በሌላው ላይ ሲቆም ነው። የማትስማማ ከሆነ ፒቢአርቲን እይ። የብርሃን አካሄድን አስልቶ ሥዕል የሚሠራ ሙሉ ፕሮግራም ነው፤ መጽሐፉም ፕሮግራሙም አንድ ነገር ነው፤ ፊዚክሱ ተብራርቶ ወዲያው ኮዱ ይከተላል። ማት ፋር፣ ግሬግ ሃምፍሪስ እና ፓት ሃንራሃን በዚህ ሥራ በ2014 ከኦስካር አካዳሚ የሳይንስና ቴክኒክ ሽልማት አግኝተዋል። አራተኛው እትም በነጻ ኢንተርኔት ላይ ይነበባል። ያንን በኮሜንት ልትጽፈው አትችልም።

አጭርና ደስ የሚል ንባብ ለሚፈልግ ደግሞ ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ የቀን መቁጠሪያ ኮድ እጠቁማለሁ። የግብጾቹ የቅብጥ አቆጣጠርና የኛው አንድ ፋይል ውስጥ ናቸው። የኛው ለብቻው አልተጻፈም፤ የቅብጡን ፈንክሽኖች መነሻ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ይጠራቸዋል። በሁለቱ መነሻዎች መካከል ልክ 276 ዓመት ነው ያለው። የወራቱ ርዝመትም የጳጉሜው ደንብም አንድ ነው። የታሪክ ትምህርት ከኮድ አነበብኩ ስል ይሄን ማለቴ ነው።

ዳታ_በርበሬ

ማንም ጁፒተር ኖትቡክን አላነሳም እንዴ? እኛ ዳታ የምንሠራው ሰዎች በየቀኑ ሊተሬት ፕሮግራሚንግ ላይ ነን። ጽሑፍ፣ ኮድ፣ ግራፍ፣ ጽሑፍ፣ ኮድ። ከዚያ በፊትም በአር ቋንቋ ስዊቭ ነበር፣ ቀጥሎ ኒትር መጣ።

ብራና_ኮድ

ዘመድ ናቸው ብዬ ነው የምቀበለው። ሁለት ነገር ግን ይለያቸዋል። ጁፒተር ላይ ኮዱ የሚቀመጠው በሚሮጥበት ተራ ነው፤ ክኑት ነጻ ሊያወጣን የፈለገው ከዚያ ተራ ነበር። ሁለተኛው ይብሳል፦ ሴሎቹን እንዳሻህ እያቀያየርክ ማስሮጥ ትችላለህ። አምስተኛውን አስሮጠህ ወደ ሁለተኛው ትመለሳለህ፣ ሦስተኛውን ታጠፋዋለህ፤ ያጠፋኸው ቫሪያብል ግን ሚሞሪ ላይ አለ። ገጹ ላይ የሚነበበውና የሆነው ነገር ይለያያል። ከመላክህ በፊት ከርነሉን (ኮዱን ከጀርባ የሚያስሮጠውን) አጥፍተህ ሁሉንም ከላይ እስከታች አስሩጥ። እሱን ካላደረግክ የላክኸውን ማንም አያምነው።

ዳታ_በርበሬ

«ሪስታርት ኤንድ ራን ኦል»። ስንቱን ኖትቡክ አፈር አስበላው።

ሻይ_በሎሚ

ሌላ ጥያቄ። ማብራሪያውን በአማርኛ ብንጽፈውስ? እኔ ቲም ውስጥ ያሉት ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው። ኮሜንት በእንግሊዝኛ እንጻፍ ስለተባለ ሰው ወይ አይጽፍም፣ ወይ «ይህ ፈንክሽን ቀኑን ያሰላል» የምትል ባዶ ዓረፍተ ነገር ጥሎ ያልፋል። ስብሰባ ላይ ግን የጡረታ መዋጮውን አቆራረጥ በአማርኛ ሲያስረዳ እንደ ውሃ ይፈስለታል።

ባክኤንድ_እቱ

እኔ እቃወማለሁ። ነገ ኮዱ ለውጭ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ ኦፕን ሶርስ ሊሆን ይችላል። ያኔ ማን ይተረጉመዋል?

የድሮ_ፓስካል

እቱ ልክ ናት፤ ሻይም ልክ ነህ። እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። ጠቅላላ ለዓለም የሚሆን ላይብረሪ ከሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። የአገር ሕግ፣ የአገር በዓል፣ የአገር ግብር ያለበት ከሆነ በአማርኛ ተጽፎ የተሟላ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ካልተሟላው ይሻላል። የሚያነበው ሰው አዋጁንም የሚያነበው በአማርኛ ነው። ዛሬ ፊደሉ ችግር አይደለም፤ ዩኒኮድ የሚቀበሉት እነ ዚቴኽ (የቴኽ ዘመድ) የኛን ጽሑፍ አሳምረው ያትማሉ።

ሻይ_በሎሚ

ጋሼ፣ «ልክ ነሽ» በሉኝ 😊 ሴት ነኝ።

የድሮ_ፓስካል

ይቅርታ ልጄ! ልክ ነሽ።

ሴሚኮለን

ዋናውን ነገር ማንም አልጠራውም። ኤአይ። አሁን ኮዱን እሱ ይጽፈዋል፣ ማብራሪያውንም እሱ ይጽፈዋል። ያውም አሽሞንሙኖ። ይህ ሁሉ ክርክር ጊዜው አላለፈም?

ባክኤንድ_እቱ

በተቃራኒው ነው የማየው። የምጽፈው ሲቀንስ የማነበው በዛ። ጁኒየሮቻችን አሁን በአንድ ከሰዓት የሚያመጡልኝን ፑል ሪኩዌስት (ለግምገማ የቀረበ ለውጥ) እኔ አንብቤ አልጨርሰውም። እና የኤአዩ ኮሜንት ብዙውን ጊዜ መስመሩን መልሶ የሚያወራ ነው፦ «ቁጥሩን በአንድ ይጨምራል»። አየሁት እኮ! ለምን እንደሚጨምር የሚያውቀው ያዘዘው ሰው ነው። ያ ሰው ካልጻፈው ማንም አያውቀውም። ጳጉሜ_6 ያነሳትን የገናዋን 28ም ሳይጠየቅ «አስተካክዬልሃለሁ» ብሎ 29 ሊያደርገው ይችላል።

አዲስ_ገቢ

ሰላም፣ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩት። አንብቡ አንብቡ ትላላችሁ፤ ከየት ልጀምር? ሊኑክስን ከፍቼ አይቼ ዘጋሁት። የምጠቀመው የዳታ ፓኬጅ ነው፤ ትልቅ ነገር ማውረድ አልችልም።

ብራና_ኮድ

ሊኑክስን ለጊዜው ተወው። ኤክስቪ6ን አውርድ። ኤምአይቲ ለማስተማሪያ የሠራው ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ጋሼ ያነሱትን የላየንስን መንገድ ተከትሎ የተሠራ። ከኮዱ ጋር የሚሄድ መጽሐፍ አለው፤ እሱም በነጻ ነው፣ ፋይሉም ትንሽ ነው።

አነባበቡን በተመለከተ፣ እቱ ያለችው ላይ ልጨምር። መጀመሪያ አስሩጠው፤ ምን እንደሚሠራ ሳታይ ኮዱን አታንብብ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ምረጥ፤ ለምሳሌ «ኤልኤስ (የፋይሎች ዝርዝር ማሳያ ትእዛዝ) ብዬ ስጽፍ ምን ይሆናል?» እሱን ብቻ ተከተል። መንገድ ላይ የማታውቀው ፈንክሽን ሲመጣ በስሙ ገምተህ እለፍ፤ በኋላ ትመለሳለህ። አንድ መስመር አጥፋና ምን እንደሚሰበር እይ። ይሄኛው ከማንበብ በላይ ያስተምራል። ማስታወሻህን በአማርኛ ጻፍ፤ ለራስህ ነው።

አዲስ_ገቢ

አወረድኩት። ሼሉን (ትእዛዝ ተቀባዩን ፕሮግራም) ከፈትኩ፤ አንድ ፋይል ነው፣ ደስ ሲል። ትእዛዝ ሲመጣ ፎርክ አድርጎ (ራሱን አባዝቶ) ልጁ ፕሮሰስ ያስሮጠዋል፣ ወላጁ ይጠብቃል። እዚህ ድረስ ገባኝ። «ሲዲ» (ዳይሬክተሪ መቀየሪያዋ ትእዛዝ) ላይ ግን ለብቻ አውጥቶ ፎርክ ሳያደርግ ይሠራዋል። ኮሜንቱ ዳይሬክተሪ የሚቀይረው ወላጁ መሆን አለበት፣ ልጁ አይደለም ይላል። ለምን እንደሆነ አይልም። ለምንድነው?

ባክኤንድ_እቱ

አልነግርህም። ያንን ማጣሪያ አጥፋውና ሲዲም እንደሌላው ትእዛዝ በልጁ በኩል እንዲያልፍ አድርግ። ግን ዝም ብሎ አይሠራም፤ ሲዲ የሚባል ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ስለሌለ ማግኘት አልቻልኩም ይልሃል። ስለዚህ ዳይሬክተሪ መቀየሪያውን ልጁ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ሲዲ ብለህ ኤልኤስ በል፤ የት እንዳለህ እይ።

አዲስ_ገቢ

አደረግኩት። ምንም አልተቀየረም፤ ያው የድሮው ቦታ ነኝ። ቆይ… ዳይሬክተሪውን የቀየረው ልጁ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ ይሞታል። የወላጁ ባለበት ነው። ፎርክ ሲደረግ እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል ማለት ነው?

ባክኤንድ_እቱ

አዎ። አሁን ያንን ኮሜንቱ ሥር ጻፈው።

ሴሚኮለን

በአንድ መስመር ግን 🙂